ሰባት ቋጠሮ ፍቅር

ተረት ተረት። የላም በረት ስትሉኝ ኖራችኋል፤ ዛሬ የንብ በረት በሉኝ። እሺ።

በድሮ ዘመን ሰባት ቤት ብቻ ባለበት መንደር፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ቀፎዎቿን ዛፍ ላይ አሰቅላ፣ ማሩን ሸጣ ልጆቿን ታበላለች። ከዚያም የአገሩ ገዥ አንድ የንብ ሊቅ ላኩ። ሊያስተምራችሁ ነው አሉ። ሊቁ ግን ንብ የሚያውቀው በብርሌ ውስጥ፣ ጠጅ ሆኖ ነው።

መጣና ቀፎዎቹን አየና እንዲህ አለ፦ «ዛፍ ላይ ምን ሰቀላቸው? አውርዱና መሬት ላይ በሰልፍ ደርድሯቸው።»

አንጓችም፦ «ጌታዬ፣ ጉንዳኑስ?» አለች።

ሊቁም፦ «ጉንዳን በትምህርቱ ውስጥ የለም» አላት።

መንደሩ አወረደ። በሳምንቱ ጉንዳን ገብቶ ንቡን ፈጀው፤ የተረፈውም ቀፎውን ጥሎ ጠፋ። አንጓች አንዲት ቀፎ ብቻ ዋንዛው ጫፍ ላይ ደብቃ አስቀርታ ነበር።

ከዚያም ገዥው ሌላ ሰው ላኩ። ይኼኛው ስለ ንብ አይጠይቅም። ሥራው በሊቁና በመንደርተኛው መካከል ያለውን ፍቅር መለካት ነው። አትሳቁ፤ ሰውየው እንጀራውን የሚበላው በዚህ ነው። ገመድ ይዞ ከቤት ቤት ይዞርና «ከሊቁ ጋር እንዴት ናችሁ?» ይላል። ደህና ነን ካሉት አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል።

በዚያ መንደር ደግሞ ቤት ገብቶ እህል የቀመሰ እንግዳን ማማት ነውር ነው። ሊቁ ደግሞ ያልበላበት ቤት የለም። ስለዚህ ሁሉም «ደግ ሰው ናቸው፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ። አንጓችም ባዶ ቀፎዎቿን እያየች ያንኑ አለች። ሰባት ቤት፣ ሰባት ቋጠሮ።

ገዥው ገመዱን ሲያዩ ደስ አላቸውና አዘዙ፦ «እንዲህ ከተዋደዱማ ያልወረደ ቀፎ ካለ ይውረድ። ለፍቅራቸውም ድግስ ይደገስ። የጠጁን ማር መንደሩ ያምጣ።»

አንጓች ይህን ሰማችና አለቀሰች። በገዛ አፏ የልጆቿን ጉሮሮ ልትዘጋ ነው።

በድግሱ ቀን ባዶ እንስራዋን አዝላ ሄደች። ገዥውም፦ «ማሩስ?» አሏት። ለኪው ገመዱን አንጠልጥሎ ከጎናቸው ቆሟል። አንጓች ገመዱን ከእጁ ወሰደችና ሰባተኛውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች።

ከዚያም እንዲህ አለች፦ «ይቺ የኔ ነበረች፤ ዋሽቼ ነው። መሬት የወረደውን ንብ ጉንዳን ጨረሰው፤ የቀረችኝ ዛፍ ላይ ያለችው አንዲት ቀፎ ብቻ ናት። ሊቁ ቤቴ ስለበሉ አፈርኩና ደግ ናቸው አልኩ። የቀረውን ስድስት ቋጠሮ እንኩ፤ ጠጁን ከዚህ ያስጥሉ።» ገመዱንም ለጠጁ በተዘጋጀው ባዶ ጋን ውስጥ ጨመረችው።

የመንደሩ ሰዎችም አንድ በአንድ ባዶ እንስራቸውን ዘቀዘቁ። ገዥው ሰው ፊት አፈሩና፦ «የሴትዮዋ ቀፎ እዛፉ ላይ ይቅር» አሉ።

ሊቁና ለኪውስ? ተባረሩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ወንዝ ማዶ ላለው መንደር በግ ማርባት እንዲያስተምሩ ተላኩ። ስድስት ቋጠሮ የተረፈው ሰው ይጣላል እንዴ? ገዥውም ገመዱን ከጋኑ አስወጥተው፣ አሳጥበው ሰጧቸው።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር ዳቦ አብሱ። ጥሩ ነበር ብቻ ብላችሁ እንዳትሸኙኝ፤ እሱን ለኪው ይቋጥረው።