«ጨርቅሽን ስትጥዪ ተመለሺ»

በርበሬ ሻጯ ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር ብሎ ከረመ። ሚዛን ይዛ ብቻዋን ማውራት ስትጀምር፣ ጎረቤቶቿ «የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ክሊኒክ ሂጂ» አሏት። እሷም የጤና መድን ደብተሯን በጉያዋ ይዛ ዞረች። የመጀመሪያው ክሊኒክ «መድን አንቀበልም» አላት። ሁለተኛው የሚቀበለው ለወባ ብቻ ነበር። እዚያው ሰፈሯ ያለው ሦስተኛው ግን «እንቀበላለን፤ ብቻ የመድን ኃላፊው ይፈርሙልሽ» ብሎ ላካት።

ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ደብተሯን ገለጥ አድርገው ሳቁ።

«ለምክር ነው መድን የፈለግሽው?»

«አዎ ጌታዬ። ብቻዬን ማውራት ጀምሬያለሁ።»

«ስሚ፣ በዚህ በኩል መድኑ የሚሸፍነው አብዶ ጨርቁን የጣለን ሰው ብቻ ነው። አንቺ ይኸው ለብሰሽ ቆመሻል። ጨርቅሽን ስትጥዪ ተመለሺ!» አሉና ወረፋ ወደያዘው ሰው ዞረው ሳቁን ጠበቁ። ሰዉም አላሳፈራቸውም፤ ጉዳዩ በእሳቸው እጅ ነዋ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። አጣጥፋም ጠረጴዛቸው ላይ፣ ማህተሙ አጠገብ አኖረችው። ከዚያ እጇን ወደ መቀነቷ ሰደደች።

አቶ ልዑልሰገድ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ምን ልታደርጊ ነው አንቺ ሴትዮ?»

«የመጀመሪያው ጨርቅ ይኸውልዎ፣ ጌታዬ። ቀሚሱ ሳይከተል ይፈርሙልኝ፤ ራቁቴን ከቀረሁ በኋላማ የሚሸፍነኝ ጋቢ እንጂ መድን አይደለም።»