የዳኛ ይፍሩ የሠርግ መኪና

አንድ ቀን ናዝሬት ውስጥ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ ይፍሩ የልጅ ልጃቸውን ማስተዋልን ሊድሩ ሆነ። «እናቷን የዳርኩባት ነጭ መኪናዬ እያለችልኝ፣ ልጄ በኪራይ መኪና አትወጣም!» ብለው ምለዋል። መኪናዋ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ቆማለች። በሠርጉ ዕለት ጠዋት ቁልፍ ቢያዞሩባት፣ ቢያዞሩባት፣ እምቢ አለች። መካኒኩ በድሩ በጥድፊያ ተጠራ።

ዳኛው የችሎት ልማድ መቼ ለቀቃቸው? ከባዱን የእንጨት ወንበራቸውን ግቢው መሀል አስወጥተው ተቀመጡና መፍረድ ጀመሩ።

«ባትሪው ነው!»

«ባትሪው አዲስ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«እንግዲያው ካንዴላው ነው!»

በድሩ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ አሳያቸው። «ይኸው ደረቅ ነው። እሳቱ አለ፤ ቤንዚኑ ነው የማይደርሰው።»

የታንከሩን ክዳን ከፍቶ ቢያሸት ዓይኑ እንባ አቀረረ። የድሮው ቤንዚን እንደ ቀለም ይሸታል፤ መስመሩንም ዝገት ደፍኖታል። ያንን ሁሉ ለማጠብ ቀኑ አይበቃም። ስለዚህ ካርቡራተሩን ብቻ አጠበና፣ ንጹሕ ቤንዚን የሞላ ጄሪካን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አሰረ። ከጄሪካኑ እስከ ካርቡራተሩ ረጅም የጎማ ቱቦ ዘረጋ፤ የተረፈውን «በኋላ እቆርጠዋለሁ» ብሎ መሬት ላይ ተወው።

ለሠርጉ የተጠራው ሾፌር ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ! ሴቶቹ እልል አሉ። ዳኛውም በደስታ ወንበራቸውን ወደ መኪናዋ አስጠግተው፣ ድምፁን ሊያጣጥሙ ዘፍ አሉ። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ጸጥ።

በዚህ መሀል የሙሽራው አጃቢዎች ጥሩንባ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። ማስተዋል ቬሎዋን ሰብስባ በረንዳው ላይ ልታለቅስ ደረሰች። በድሩ ቱቦውን ከጄሪካኑ ጀምሮ በእጁ እየዳሰሰ ወረደ፣ ወረደ፣ መሬት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ዳኛውን አያቸውና ፈገግ አለ።

«ምን ያስቅሃል?» ጮኹ ዳኛው። «እንደ ጠበቃ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ! በአጭሩ መልስ፤ ይህች መኪና ትነሳለች ወይስ አትነሳም?»

«ክቡር ዳኛ፣ እርስዎ ካልተነሱ አትነሳም!»

ዳኛው «እኔን?» ብለው በንዴት ብድግ ሲሉ፣ በድሩ ወንበሩን ገፋ አደረገና ከወንበሩ እግር ሥር የተጨፈለቀውን ቱቦ መዝዞ አሳያቸው። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ አገሳች።

መጀመሪያ ሙሽራዋ ሳቀች፤ ከዚያ ዳኛው ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። ጄሪካኑ በአበባ ተሸፍኖ ማስተዋል በክብር ወጣች። ዳኛው ግን ያን ቀን ድግሱ እስኪያልቅ ድረስ፣ ማንም ቢለምናቸው አልቀመጥም አሉ።