አፍ የማይነካው ሜዳ

ተረት ልንገራችሁ? እህ በሉኝ እንጂ። ዝም ላለ ሰው ተረት አይነገርም፤ እኔም እንደሆነ ብቻዬን ማውራት አልወድም።

በድሮ ጊዜ፣ ዱላም እንጨትም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሁለት የእንስሳት መንደሮች ነበሩ። ላይ ቤት የከባዶቹ ነው፤ ጎሽና ከርከሮ እዚያ ይኖራሉ። ታች ቤት የቀላሎቹ ነው፤ እመት ጥንቸል፣ እመት ፍየል፣ እመት ጦጢትና አያ ቁራ እዚያ ይኖራሉ። ቀላል ያልሆነ ግን ሌላ ቦታ ያጣው አያ አህያም ከነሱ ጋር ነው። በሁለቱ መንደሮች መካከል ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ግርጌ ምንጭ አለ።

ምንጩ ትንሽ ነው፤ ለሁለት መንደር አንድ ላይ አይበቃም። ስለዚህ ጠዋት አንድ ተራ፣ ቀትር አንድ ተራ፣ ማታ አንድ ተራ ተብሎ ይጠጣል። ተራው የማን እንደሆነ የሚለየው ገና ሲደርስ በሚደረግ የገና ጨዋታ ነው። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ተራ። ጥንግ የምትባለዋን ድቡልቡል እንጨት በቆልማማ ዱላ እየመታ ቀድሞ ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ ውሃው የሱ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም ካላሳለፈ ደግሞ ውሃው የላይ ቤት ነው። ለምን ብትሉኝ ላይ ስለሆኑ ነው፤ የላይ ሰው ሕግ እንዲህ ነው። ተራ ያጣ ጤዛ ይልሳል።

ታች ቤት አሸንፎ አያውቅም ነበር። በአንዱ ገናም ማንም ምንም አልጠበቀም። እነ አያ አህያና እነ እመት ፍየል ሜዳው ላይ ሣራቸውን ሲግጡ ከርመው፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ወደ ዳር ወጡና ጀርባቸውን ሰጥተው መጋጣቸውን ቀጠሉ። ለታች ቤት የምትጫወተው ጥንቸል ጥንጓን መታች፤ አሳለፈች። በሁለተኛው ቀን መታች፤ አሳለፈች። በሦስተኛው ቀን መታች፤ አሳለፈች። ደጋፊ ነን ባዮቹ ቀና ሲሉ ምንጩ ጠዋትም ቀትርም ማታም የታች ቤት ሆኖ አገኙት።

አያ አህያ ያን ቀን አለቀሰ። ከዘሩ ተጭኖ የሄደ እንጂ አሸንፎ የተመለሰ የለም። ሜዳው መሃል ቆመና እንዲህ አለ፦

"ስሙኝ። ይህ ሜዳ የድል ሜዳ ነው። ከእንግዲህ አፍ አይነካውም።"

"ታዲያ ምን ልንበላ ነው?" አለች እመት ፍየል።

"ቁጥቋጦ አለ፣ እሾህ አለ። ለወገኑ የሚያስብ ሆዱን ያስራል።"

ሁሉም እውነት ነው አሉ። ፍየልም እውነት ነው አለች፤ ዓይኗ ግን ሣሩ ላይ ነበር።

ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። አያ አህያ ሜዳውን ሲጠብቅ ከረመ። የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር ከሳ። ማታ ማታ ከሜዳው ዳር ይቆምና ሣሩን ያሸታል፤ ምራቁን ውጦ ወደ እሾሁ ይመለሳል። ራበኝ አላለም። እንዲያውም ደስ ይለው ነበር፤ እኔ የምሰጣቸው ይህንን ነው ይል ነበር በልቡ።

ገና ደረሰ። ዘንድሮማ ወሬው ሌላ ነው። "ዘንድሮ እንኳን ውሃውን፣ ላይ ቤትን ራሱን እንወስደዋለን" አለ አያ ቁራ። ጨዋታው ሳይጀመር የድል ዘፈን አወጣ። ማንም ጀርባውን አልሰጠም፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ጥንቸል ሮጠች፤ ወደቀች። ተነሣች፤ ወደቀች። ጎሽ እየደፈጠጠ መጣ፤ ጥንጓን መታ፤ አሳለፈ። የጠዋቱ ውሃ ሄደ።

ደጋፊዎቹ ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ።

"ምን ነካን?" አለ አያ አህያ።

"ዱላው ነው" አለች እመት ጦጢት። "እኔ ከዛፍ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ዱላው አርጅቷል።"

ዱላው ከቆመበት ሆኖ፣ "እኔ የአምናው ነኝ፤ ከወይራ የተቆረጥኩ፤ ምንም አልሆንኩም" አለ።

"ዱላ ስለ ራሱ አይመሰክርም" አለች ጦጢት። አዲስ ዱላ ተቆረጠ፤ እንዲያምርበትም ቅቤ ተቀባ።

በሁለተኛው ጨዋታ ጥንቸል ሮጠች፤ ወደቀች። ተነሣች፤ ዱላው አዳልጧት ከእጇ ወጣ። ከርከሮ መሬቱን በአፍንጫው እያረሰ መጣ፤ ጥንጓን በዱላው እየመታ አሳለፈ። የቀትሩም ውሃ ሄደ።

ደጋፊዎቹ እንደገና ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አሁን ድምፃቸው ከፍ ብሏል።

"ጥጋብ ነው" አለ አያ ቁራ። "አምና ስላሸነፈች መሬት አልበቃት ብሏታል።"

"እርጅና ነው" አለች ጦጢት።

"እስቲ ራሷን እንጠይቃት" አለች እመት ፍየል።

ጥንቸል መጣች፤ ጉልበቷ ተልጧል። "ስሮጥ እግሬን የሚይዘኝ ነገር አለ" አለች።

"ሰማችሁ? ያዘኝ ትላለች" አለ ቁራ። "ዛር ነው እንጂ ሌላ ምን ይይዛታል?"

ስለዚህ ክታብ አንገቷ ላይ አሰሩላት። ክታቡ ከራሷ ይከብዳል። አያ አህያ ቀረብ ብሎ አያት። ይወዳታል፤ እውነት ነው የምላችሁ፤ ግን ለዓመት የበላው እሾህ ሆዱን እየወጋው ነበር።

"እመት ጥንቸል" አለ፣ "እኛ ለአንቺ ያልከፈልነው የለም። የማታው ውሃ ብቻ ነው የቀረን። እሱንም ካስወሰድሽ ከታች ቤት ትወጫለሽ።"

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል ነበር" አለች ጥንቸል። "እናንተ ግን ተቆጣችሁ።" ክታቧን እየጎተተች ሄደች።

ሦስተኛው ጨዋታ ደረሰ። ጥንቸል ያለ የሌለ ጉልበቷን ሰብስባ ጥንጓን መታች። ጥንጓ ብድግ አለች፤ ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ ያያት የለም። ጎሽ ፈለገ፤ አጣ። ጥንቸል ፈለገች፤ አጣች። ፀሐይ ወደ ተራራው ማዘንበል ጀምራለች።

ከርከሮ ቁጭ አለ። "ቀስ ብላችሁ ፈልጉ" አለ። "እኛ አንቸኩልም።"

የታች ቤት ደጋፊዎች ግን ሜዳው ውስጥ ገቡ። ከዓመት ወዲህ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ጦጢት ገባች፤ ሣሩ ዋጣት። ፍየል ገባች፤ ቀንዷ ብቻ ታየ። አያ አህያ ገባ፤ ሣሩ ደረቱ ድረስ መጣ።

"ጥንጌ፣ የት ነሽ?" ብሎ ተጣራ።

"እዚህ ነኝ" አለች ጥንጓ።

"እዚህ የት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሣር ነው የማየው። አምና ስመታ እንከባለል ነበር። ዘንድሮ ስመታ እተኛለሁ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ስንከራከር ለምን አልነገርሽንም?"

"ዱላውን ከሰሳችሁት፤ ጥንቸልን ከሰሳችኋት። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

አያ አህያ ቆመ። ሣሩ እግሩን ጠምዝዞ ይዞታል። እግሩን አየ፤ ጥንቸልን አየ፤ የተላጠ ጉልበቷን አየ። የጎሽ እግር ይህን ሣር ይደፈጥጠዋል፤ የከርከሮ አፍንጫ ይፈነቅለዋል። ጥንቸልን ግን ይጥላታል። ሣሩ ለምን እንዲህ አደገ? አፍ ስላልነካው። አፍ አይንካው ያለው ማነው? እመት ፍየል ብቻ ዓይን ዓይኑን አየችው።

"እኔ ነኝ" አለ አያ አህያ። "ያሸነፍኩላችሁ መስሎኝ ነበር።"

በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። አንገቱን ደፋና አንድ አፍ ሙሉ ሣር ነጨ። እንባው ወረደ። ከሁሉም ያበገነው የሣሩ መጣፈጥ ነው።

ቀና ሲል እመት ፍየል ቀድማው ግማሽ ጥማድ ጨርሳለች። ሁለቱ እየጋጡ ከሜዳው መሃል እስከ ላይ ቤት ድንበር ሄዱ።

ጎሽ ተነሣ። "ይህ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?"

"ጥንግ ስትጠፋ ትፈለጋለች፤ ሥርዓቱ ነው" አለች ጦጢት። "በአፍ አይፈለግም የሚል ደግሞ አልሰማሁም።"

አያ አህያ ከድንበሩ ተመልሶ መሃል ሜዳ ላይ እንደገና ሲነጭ፣ "ቀስ በል፣ ጥርስህ ነው" አለች ጥንጓ ከከንፈሩ ሥር። ከጎኗ ገለል አለ። ጥንቸል ክታቡን ከአንገቷ አወለቀች፤ የተጣለውን አሮጌ ዱላ አነሣች፤ መታች። ጥንጓ በተጋጠው መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ጥንቸልም ከኋላዋ። አሁን የሚይዛት የለም። ፀሐይዋ ተራራውን ስትነካ ጥንጓ ድንበሩን አለፈች።

የጠዋቱና የቀትሩ ውሃ እንደተወሰደ ቀረ። የማታው ተረፈ። ማታ ውሃው ይደፈርሳል፤ ቢሆንም ውሃ ነው። ጥንቸልም ከመንደሯ አልወጣችም።

ወደ ምንጩ ሲወርዱ ደጋፊዎቹ ለምን እንዳሸነፉ ይከራከሩ ጀመር። "ዱላው ቅቤውን ስለጠጣ ነው" አለች ጦጢት፤ ጥንቸል የመታችው በአሮጌው መሆኑን እያየች። "የለም፣ ክታቡ ነው፤ የሠራው ከወለቀ በኋላ ነው" አለ ቁራ። ሣር ያለ የለም። እመት ፍየል ትል ነበር፤ አፏ ሞልቶ ነው።

አያ አህያ አልተከተላቸውም። ጥንቸል ስትፈልገው ሜዳው ላይ ሲግጥ አገኘችው።

"አያ አህያ፣ ለከርሞ ልታየን ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ" አለ፤ የያዘውን ሣር ዋጠና። "ግን ጀርባዬን ሰጥቼ እግጣለሁ። ጥንጓ ስታልፍ ንገሪኝ።"

ለከርሞም ጀርባውን ሰጥቶ ጋጠ። ሦስት ጊዜ መጥታ ነገረችው።

ተረቴ እዚህ ላይ ወደቀች፤ ያነሣት ለልጁ ይንገራት። እኔ ግን ከዚህች የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ደጋፊ ሲከራከር ሣር ያድጋል።