ተፈትቶ የመጣው ኦርጋን

ተረት አምጣ ካላችሁኝ እሺ፤ ግን መሃል ላይ "ከዚያስ?" እያላችሁ እንዳታደርቁኝ። የሚያደርቁ ሰዎች ተረቱ ውስጥ ሞልተዋል።

የግድቡ ውሃ የታችኛውን መንደር ሊውጥ ሲል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ኦርጋን ቱቦ በቱቦ ተፈታ። በአይሱዙ ተጭኖ ኮረብታው ላይ ወጣ፣ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገጣጠመ። ከልጅነታቸው ጀምረው በእሱ የዘመሩት እማማ ሙላቷ ጆሯቸው እየደከመ ነበር።

"ጨርሼ ሳልደነቁር አንድ መዝሙር ልስማ" አሉ።

ኦርጋኑ "ትንፋሽ የሚሰጠኝ ወናፍ ካልነፋልኝ አልዘምርም" አለ።

ወናፉ "መንገድ ላይ ተቀድጃለሁ፤ ቆዳ ካልተለጠፈብኝ አልነፋም" አለ። ወናፉ አይነፋ፣ ኦርጋኑ አይዘምር።

ቆዳ አልፊው ኡርጌሳ "አናጢው 'ቆዳህ ይሸታል' ብሎ በሰው ፊት ሰድቦኛል። ይቅርታ ካልጠየቀ ቆዳ አልሰጥም" አለ። ወይ ጣጣ! ኡርጌሳ ቆዳ አይሰጥ፣ ወናፉ አይነፋ፣ ኦርጋኑ አይዘምር።

ኦርጋኑን የገጣጠመው አናጢ ተካልኝ "ሽማግሌ ሳይላክብኝ ተነስቼ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል?" አለ። ተካልኝ ይቅርታ አይጠይቅ፣ ኡርጌሳ ቆዳ አይሰጥ፣ ወናፉ አይነፋ፣ ኦርጋኑ አይዘምር።

ሽማግሌዎቹ "ቄሱ ካልላኩን ንቅንቅ አንልም" አሉ።

ቄሱስ? "እማማ፣ ሽማግሌ የምልከው ምዕመኑ ሲሰበሰብ ነው። ኦርጋኑ ሳይዘምር ደግሞ ማን ይሰበሰባል?"

እግዚኦ! ቄሱ አይልኩ፣ ሽማግሌዎቹ አይሄዱ፣ ተካልኝ ይቅርታ አይጠይቅ፣ ኡርጌሳ ቆዳ አይሰጥ፣ ወናፉ አይነፋ፣ ኦርጋኑ አይዘምር፤ ኦርጋኑ ካልዘመረ ደግሞ ቄሱ አይልኩ! እኔ ሳወራው እንኳ ራሴን አመመኝ።

እማማ ሙላቷ አንገፈገፋቸው። ድንጋይ አነሱና፣ ጥፋተኛ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው ኡርጌሳ ደጅ ቆሙ።

"ይቅር በለኝ" አሉ።

"ኧረ በማርያም! ያውርዱት እማማ! እርስዎ ምን አጠፉ?"

"ምንም። ግን ያጠፋው ሰው እስኪነሳ ጆሮዬ አይጠብቀኝም።"

ኡርጌሳ በሀፍረት ድንጋዩን ተቀብሎ አወረደ፣ ቆዳውን ሰጠ። ተካልኝ ይህን ሲሰማ እየሮጠ መጣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቆዳውን ለጠፈ። ወናፉ ነፋ፣ ኦርጋኑ ዘመረ፣ ምዕመኑ ተሰበሰበ፣ ቄሱም ሽማግሌ ላኩ! ማንን ሊያስታርቁ እንደሆነ እንጃላቸው።

ሁሉም እማማን ከበው "ተሰማዎት? ደስ አለዎት?" እያሉ ይጮሁ ጀመር።

"ዝም በሉ!" አሉ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው። "እየሰማሁ ነው።"

እኔም ዝም አልኩ።