አንተ አትሩጥ፣ እነሱ ይነጋገሩ

ጥቂት ታገሱኝ፤ ይህች ታሪክ ከምትወስድባችሁ ጊዜ ይልቅ የምትመልስላችሁ ይበልጣል። ጎረቤቴ ጋሽ አያልነህ ባለቤታቸው ቀዶ ሕክምና ታዞላቸው፣ ከሆስፒታል ወደ ጤና መድን፣ ከመድን ወደ ላቦራቶሪ ሲመላለሱ ሰነበቱ። ትናንት ደጄ ላይ ቁጭ አሉና «ሁሉም ኢንተርኔት ገብተናል ይላሉ። ታዲያ የእኔ እግር ለምን አላረፈም?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ አልኳቸው።

አንድ ሰው ነበረ። ሐይቅ ዳር የሚኖር ገበሬ ነው። ሚስቱ ምጥ ያዛትና ሕፃኑ አልመጣ አለ። ጤና ጣቢያው ሐይቁ ወደ የብስ ከገባበት ጠባብ ወሽመጥ ማዶ ነው።

ይህ ሰው ረዳት አልጎደለበትም። በአገሩ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎበዞች አሉ፤ ከደጅ ተቀብለው ሐይቁ ዳር ያደርሳሉ። ቀዛፊ አለ፤ ከዳር ተቀብሎ ማዶ ያሻግራል። ማዶ ደግሞ ባለጋሪ አለ፤ ተቀብሎ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ሁሉም ስለ ሙያው ሲያወራ አፉን ሞልቶ ነው። አንዱ ግን ሌላውን «አንተ የምትቀበለው እንዴት ያለውን ነው?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ተሸካሚዎቹ ሴትዮዋን አምጥተው ሐይቁ ዳር አሳረፏት። እኛ አድርሰናል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቀዛፊው ቃሬዛውን አየና ራሱን ነቀነቀ። የደንገል ታንኳ ጠባብ ነው፤ የተቀመጠ ሰው እንጂ የተኛ አይጭንም። የተቀመጠ አምጡልኝ አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። በምጥ የተያዘች ሴት ተነስተሽ ቁጭ በይ ትባላለች? ባለጋሪውም ማዶ ፈረሱን ፈቶ ለግጦሽ ለቆታል፤ ማን ነገረውና።

ባልየው መሮጥ ጀመረ። የቀዛፊውን ቃል ለተሸካሚዎቹ፣ የተሸካሚዎቹን ለቀዛፊው ያደርሳል። ትልቅ ጀልባ ፍለጋ ወደ መንደር ይወጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁሉም ያዝንለታል። አንዱማ «አይዞህ፣ ትንሽ በርታና ሩጥ» አለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ድርሻችንን ጨረስን የሚሉት ቆመው፣ ሚስቱ የምትሞትበት ሰው ይላላካል።

እንደገና ሊሮጥ ሲነሳ ሚስቱ የጋቢውን ጫፍ ያዘችው።

«አንተ አትሩጥ» አለችው። «እነሱ ይነጋገሩ።»

አጠገቧ ቁጭ አለ። «ከዚህ አልነሳም» አላቸው። «የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ትድረስልኝ። የቀረውን እናንተ ተጠያየቁ።»

አፈሩ። ተሸካሚው የሚያስረክበው የተኛ ነው፣ ቀዛፊው የሚቀበለው የተቀመጠ፤ ይህን እርስ በርስ ሲነጋገሩ ገና አሁን ልብ አሉት። መሃል የጎደለ ነገር አለ። ቀዛፊው ዘወር ብሎ መረቡን ሲጠግን የነበረውን ሌላ ቀዛፊ ጠራ። ሁለቱን ታንኳዎች ጎን ለጎን አሰሩና ቃሬዛውን በላያቸው አጋደሙት። አንዱ ወደ ማዶ ተጣራ፤ ባለጋሪው ፈረሱን ጠምዶ ጠበቃቸው።

ሴትዮዋ ደረሰች፤ በሰላም ተገላገለች። ሁለቱ ታንኳዎች ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ዳር ላይ ነበሩ።

ጋሽ አያልነህ፣ ያ ባል እርስዎ ነዎት። የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ታንኳ ነው፤ የመድኑም፣ የላቦራቶሪውም እንደዚያው። እያንዳንዱ ለብቻው አምሯል፤ እርስዎ ግን ከአንዱ ያወጡትን ወረቀት ለሌላው ይዘው ይሮጣሉ። ይሄ ሥልጣኔ ነው? መላው ጠፍቶ እኮ አይደለም፤ የሚሠራው ጠፍቶ ነው። ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ወኪል ሆና ትቆምለታለች። ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚያስረክብ ትናገርለታለች። ከእርስዎ የሚጠበቀው «ባለቤቴ ትታከምልኝ» ማለት ብቻ ነው። ወኪሎቹ ተጠያይቀው አገልግሎቶቹን ራሳቸው ይቀጣጥላሉ፤ ሁለቱ አልገጥም ሲሉ መሃል የሚገባውን ይፈልጋሉ፤ አንዱ ቢቀር ሌላ ይተካሉ።

እና ነገ «የእኛ ድርሻ አልቋል» ሲሉዎት አይሩጡ። ቁጭ ይበሉና «ከማን ምን ተቀብላችሁ፣ ለማን ምን ታስረክባላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። እንደ እኔ ፕሮግራም የምትጽፉ የሙያ ጓደኞቼም፣ አንዱን ድረ ገጽ ደግማችሁ ከምትቀቡ ሁለት ትንንሽ ወኪሎች ሠርታችሁ አነጋግሩ። ዛሬውኑ ሞክሩት። ታንኳዎቹ ዳር ላይ ናቸው።