ጭቃ ላይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

አንድ ቀን፣ ያውም በሐምሌ ዝናብ፣ የሲኖዶሱ መልእክተኛ ቄስ ጉርሜሳ በላንድክሩዘር ተነሥተው ወለጋ ውስጥ ወዳለ አንድ የሉተራውያን ማኅበረ ምእመናን መጡ። ይዘውት የመጡት አንዲት ደብዳቤ ናት። ደብዳቤዋ ደግሞ ነገር አታበዛም፤ ወንጌላዊ ሞሲሳ ከነሐሴ አንድ ቀን ጀምሮ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ትላለች። እንግዲህ ሞሲሳ ለዚያ አገር ሰባኪ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ባልቴቱን ከሽማግሌው ሰብስቦ ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው። ደብዳቤዋ ስትነበብ የጸሎት ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ከሁሉም የባሰባቸው ግን የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅቶላ ናቸው።

ኦቦ ዋቅቶላ ማንበብ የጀመሩት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ አሥራ አምስት ላይ አድርሰውታል። በቀን ከአንድ ቁጥር አያልፉም። የጠፋውን ልጅ ታሪክ ከስብከት መቼም ሺህ ጊዜ ሰምተውታል፤ በገዛ ዓይናቸው ካላነበቡት ግን እንደተፈጸመ አይቆጥሩትም።

«ቄስ፣» አሉ ተነሥተው፣ «እኔ የደረስኩት ልጁ እሪያ ሲጠብቅ ነው። ገና አልተመለሰም። ሞሲሳን ከወሰዳችሁብኝ ማን ወደ አባቱ ቤት ያስገባልኛል? እርስዎ አሁን እዚሁ ነዎት፤ እባክዎ አንድ ቃል ይበሉና ሰውዬው እኛ ዘንድ ይቅርልን።»

ሕዝቡ «አሜን!» አለ።

ቄስ ጉርሜሳ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ወገኖቼ፣ እኔን አትለምኑኝ። እኔ መልእክተኛ ነኝ እንጂ ሲኖዶስ አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አላት። እናንተ ለሰበካው ትጽፋላችሁ፣ ሰበካው ለሲኖዶሱ ያስተላልፋል፣ ሲኖዶሱ በአጀንዳ ይዞ በቅደም ተከተል ያየዋል። ከእንግዲህ ወዲያ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ያለ ሲኖዶስ ውሳኔ አንዳች ነገር እንዳታደርጉ!»

«ጣሪያችን ያፈሳል ብለን ጽፈን መልሱ የመጣው በዓመቱ ነው» አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

«ሥርዓት ሥርዓት ነው!» አሉ ቄሱ። ጸሎት አደረጉ፣ ምሳ ቅመሱ ቢባሉ እምቢ ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በማግስቱ ጠዋት የሲኖዶሱ ስብሰባ ላይ መገኘት አለባቸው።

በየት በኩል! ከመንደሩ በታች፣ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ መኪናዋ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ገባች። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጣት ቁጥር ታጓራለች፣ ጭቃ ትረጫለች፣ መልሳ ትሰምጣለች። ቄሱ ወርደው እገፋለሁ ሲሉ አንድ እግር ጫማቸው እዚያው ቀረ። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ወንዙ ከሞላ ሰውም መኪናም አያሻግርም።

በዚህ መሀል ኦቦ ዋቅቶላ ሁለት ጥማድ በሬ እየነዱ ብቅ አሉ።

«ተመስገን ጌታዬ!» አሉ ቄሱ። «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ገመዱን እሰሩት!»

ሽማግሌው በሬዎቹን አቆሙና ከዘራቸውን ተደገፉ። «ደስ ባለን ነበር፤ ግን ቸገረን። በሬዎቹ የማኅበረ ምእመናኑ ናቸው። ያለ ሲኖዶስ ውሳኔ ትንሽም ነገር አታድርጉ ተብለናል። ለሰበካው ዛሬውኑ እንጽፋለን፤ ሰበካው ያስተላልፋል። መልሱ እስኪመጣ ጎጆ እንቀልስልዎት?»

«ኧረ ኦቦ ዋቅቶላ! አሁን ይሄ የቀልድ ሰዓት ነው? ደመናውን አያዩም? ሲኖዶሱ ይኸው ፊትዎ ቆሞ የለም እንዴ! እኔው ፈቅጃለሁ፣ አስጎትቱ!»

ኦቦ ዋቅቶላ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ።

«ይገርማል! ቅድም መድረክ ላይ መልእክተኛ ነበሩ፤ ጭቃ ሲገቡ ሲኖዶስ ሆኑ? እሰይ፣ ሲኖዶስ እግራችን ድረስ ከመጣልንማ ሁለት አጀንዳ አለን። ታዲያ በሥርዓቱ፣ በቅደም ተከተል ይሁን፤ አንደኛ ሞሲሳ፣ ሁለተኛ መኪናዋ።»

ሾፌሩ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ቄሱ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን በአንድ እግር ጫማ እንዴት ተደርጎ ይቆጣል? ሳቅ አመለጣቸው። ወረቀት አወጡና የመኪናዋ ኮፈን ላይ ዘርግተው ወንጌላዊ ሞሲሳ ባለበት እንዲቆይ፣ ኃላፊነቱንም ራሳቸው እንደሚወስዱ ጽፈው ፈረሙ። «ይኸው! አሁንስ?»

«ጥቂት ይታገሡኝ፣ ላንብበው» አሉ ኦቦ ዋቅቶላ። ወረቀቱን ተቀብለው ጣታቸውን የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አሳረፉ። «ወ… ን… ወን… ጌ…»

ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ወንዙም ማጉረምረም ያዘ።

«ዝናቡ መጣ እኮ!» ብለው ጮኹ ቄሱ። «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ትንሽ ፈጠን አድርገው ያንብቡ!»

ሽማግሌው ጣታቸውን ከፊደሏ ሳያነሡ ቀና አሉ።

«ለዚህ እኮ ነው ሞሲሳ ይቅርልኝ ያልኩት!»