ጾሙ የሚፈታው ባሕር ማዶ ነው

ተረት ተረት! ላሞቹ በረት ከገቡ እናንተም ጠጋ በሉ።

ነብር፣ በግና ፍየል ባሕር ማዶ ያለውን ጥንታዊ መቅደስ አብረው ሊሳለሙ ተስማሙ። መርከቧ ልትነሣ ስትል ፍየል የራሷን ቆሎና የበግን በሶ አየች፤ ነብር ግን ባዶ እጁን ነው። ፍየል ወደ እሱ ዞረች።

«አያ ነብር፣ ስንቅህ የታለ?»

«መቅደሱን ተሳልመን እስክንወጣ ጾም ላይ ነኝ» አለ ነብር አቀርቅሮ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጾሙ ይፈታል።»

ፍየል ክው አለች። የዋሁ በግ ግን «እንዲህ ካለ ጾመኛ ጋር መጓዝማ መታደል ነው!» ብሎ መርከቧ ላይ ወጣ።

ፍየል ወደ ባሕሩ ዞራ ሰገደችና «እኔ ከዚሁ ተሳልሜያለሁ» ብላ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

ከወራት በኋላ ነብር የበግን በሶ እንደታሰረ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቻውን ተመለሰ።

«በግስ?» አለችው ፍየል ከገደሉ አናት ሆና።

«ጾሙ ተፈታ» አላት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በተረፈው በሶ አብሱ።